የተዘቀዘቀው ጥለት

ፎቶ በኢንተርኔት መሸጥ በጀመርኩበት ቀን የላክኋቸው አሥር ፎቶዎች አሥሩም ተመለሱ። ጎንደር አራዳ ውስጥ ፎቶ ቤት ከከፈትኩ ያን ጊዜ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነበር። ጉርድ ፎቶ፣ ሠርግ፣ ምርቃት፣ ተዝካር፤ ያላነሣሁት የለም። ድረ ገጹ ግን ባሕር ማዶ ሆኖ «ይህኛው ደብዝዟል፣ ያኛው ብርሃን በዝቶበታል» ይለኛል። ተናደድኩ። የባሰ ያናደደኝ ደግሞ እውነቱን መሆኑ ነው።

ሰው ሁሉ በስልኩ ማንሣት ከጀመረ ወዲህ ፎቶ ቤቴ ጭር ብሎ ስለነበር እልህ ይዞኝ ተማርኩ። ሥራው እንዲህ ነው። ፎቶው ይላካል፣ መርማሪ ያየዋል። ፊቱ የሚለይ ሰው ካለበት፣ ያ ሰው የፈረመበት የፈቃድ ወረቀት አብሮ ይላካል። ከዚያ ገዢ ፈልጎ እንዲያገኘው ቁልፍ ቃላት ይጻፉበታል። የእኔ እንግሊዝኛ አጭር ነው። ደግነቱ ድረ ገጹ ራሱ ፎቶውን አይቶ ቃላት ያቀርባል፤ «ተቀበል» የሚለውን መጫን ብቻ ነው። እጫን ነበር።

የሺ የምትባለውን ሴት ያነሣኋት ከጎንደር ወጣ ብሎ ትክል ድንጋይ በሚባለው ከተማ፣ በባሏ ተዝካር ላይ ነው። የቀጠረኝ የባሏ ወንድም ነበር። የሺ የቤተ ክርስቲያኑን ግንብ ተደግፋ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች። የዛሬ ልጆች ሁሉ አያውቁትምና ልናገረው፤ በደህና ቀን የነጠላ ጥለት ወደ ታች ይወርዳል፣ ሐዘን ሲሆን ግን ነጠላው ይዘቀዘቅና ጥለቱ አንገት ላይ ይመጣል። አንድ ዘመድ ስሟን ጠርቷት ዘወር ስትል አነሣኋት። ፊቷ ላይ ለሰላምታ ያህል ትንሽ ፈገግታ አለ፣ ጥለቱ ላይ ፀሐይ አርፎበታል። በሕይወቴ ካነሣኋቸው ሁሉ እሱን እወደዋለሁ።

የፈቃዱን ወረቀትና የጣት ቀለም ይዤላት ሄድኩ።

«አያ መኳንንት፣ ምነው ጣቴን ቀለም የሚያስነኩኝ?» አለችኝ።

«ፎቶሽን ለውጭ አገር ሰው ልሸጠው ብዬ ነው። የተገኘውን እንካፈላለን።»

«እዚህ አገር ሰው አያየውም?»

«አያየውም» አልኳት በልበ ሙሉነት።

«እንግዲያ ሸጋ ነው» ብላ ጣቷን አሳረፈች።

ጳጉሜን ላይ ከአዘዞ በባጃጅ ስመለስ መንገድ ዳር ትልቅ ማስታወቂያ ተሰቅሎ አየሁ። «እንኳን ለአዲሱ ዓመት በደስታ አደረሳችሁ!» ይላል። የሺ ናት። ዙሪያዋን አደይ አበባ በትነውባታል፤ ከጎኗ የዘይት ጀሪካን አቁመዋል። ነጠላዋ እንደተዘቀዘቀ ነው። ባጃጁን አስቁሜ ወረድኩ፤ ምን እንደተናገርኩ አላስታውስም፣ ባለ ባጃጁ ግን ሂሳብ ሳይጠይቀኝ ሄደ።

በማግስቱ የዘይት አስመጪው ድርጅት ቅርንጫፍ ገባሁ። ሥራ አስኪያጁ ጎንደር ተወልዶ ያደገ ትሑት ጎልማሳ ነው። ወንበር ሰጠኝ።

«ጋሼ፣ ፎቶውን በሕጋዊ መንገድ ነው የገዛነው። ፈቃድም አለው» አለኝ።

«ፈቃዱን ያስፈረምኩት እኔ ነኝ። ጥለቱን አላያችሁም?»

ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ አየው። «ጥለቱ ምን ሆነ? ያምራል እኮ።»

ለቅሶ ቤት ሳይደርስ ያደገ ጎንደሬ አለ ብዬ አላምንም። ዓይን ይዞ አለማየት እንዴት ያለ ነገር ነው? ስነግረው ደነገጠ፤ ለዲዛይነራቸው ደውሎ ሲያበቃ ግን ፊቱ በራ።

«ችግር የለም ጋሼ። ዲዛይነሩ ጥለቱን ወደ ታች ያወርደዋል። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።»

ደሜ ፈላ። «የሴትዮዋን ሐዘን በማውስ ልታስወልቋት ነው? ባሏ ከሞተ ዓመት አልሞላውም! አውርዱት!» ብዬ ጮህኩ። ሠራተኞቹ በር ላይ ተሰበሰቡ።

ሰውዬው አልተቆጣም። ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው። «እኛ ምን ብለን ፈልገን እንዳገኘነው ይዩ» አለኝ። በዓል፣ ደስታ፣ የባህል ልብስ ይላል። «ይህን የሚያጸድቀው ሻጩ ነው፣ ጋሼ።»

ሻጩ እኔ ነኝ። ወጥቼ ሄድኩ።

ወሬው ቀድሞኝ ትክል ድንጋይ ደርሷል። ማስታወቂያውን በስልክ እየተቀባበሉ «ባሏ ዓመት ሳይሞላው ለዘይት ትስቃለች» ይሏታል። የባሏ ወንድም ለማስታወቂያው ብላ አዲስ የተነሣችው መስሎት ቤቷ መምጣት ትቷል። እኔ ስለ ሥራ አስኪያጁ ድንቁርና እየተንጨረጨርኩ ስነግራት እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«አንቱ ሲያነሡኝ ጥለቴን አላዩትም ነበር?» አለችኝ።

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ምነው እነሱን ይቆጧቸዋል? እነሱስ አላዩም። አንቱ አይተዋል።»

ልሄድ ተነሣሁ።

«ጣቴን የሰጠሁት ላንቱ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሰዉ ይንገሩልኝ» አለችኝ።

ከዚያ ቅዳሜ ይልቅ የረዘመ ቀን አላውቅም። እሑድ ቄሱ ሕዝቡን «ቆዩ» አሉልኝ። ፎቶውን በትልቁ አሳትሜው ነበር፤ ከፍ አድርጌ ያዝኩት። «ይህ በባሏ ተዝካር፣ እዚሁ ግንብ ሥር የተነሣ ነው። ደስታ ብዬ የሸጥኩት እኔ ነኝ፤ እሷ አታውቅም» አልኩ። የባሏ ወንድም መጥቶ ፎቶውን ተቀበለኝና አንገቷ ላይ ያለውን ጥለት በጣቱ ተከተለ።

«አዘቅዝቃለች እኮ» አለ፣ ወደ ሰዉ ዞሮ። «ስልኩ ላይ አላየሁትም።» ከዚያ ወደ የሺ ሄዶ «ነይ፣ እንሂድ» አላት። አብረው ወጡ። ፎቶውን አልመለሰልኝም።

ከድረ ገጹም አጠፋሁት። ማስታወቂያው ግን በዓሉ እስኪያልፍ እዚያው ቆየ፤ አሁንም በዚያ ባለፍኩ ቁጥር እናደዳለሁ። ፎቶ መሸጥ አልተውኩም። ቁልፍ ቃሉን ግን መዝገበ ቃላት ይዤ ራሴ እጽፋለሁ። የየሺ ፎቶ ላይ መጻፍ የነበረበት አንድ ቃል ነበር፤ ሐዘን። እኔ አውቀው ነበር፣ አልጻፍኩትም።