ፎገራ ሜዳ ላይ የሠራሁት ገደል

ገደል ለመሥራት ፎገራን የሚመርጥ ሰው ጤነኛ አይደለም። ይህን እኔው ራሴ እመሰክራለሁ። ከወረታ ወደ ቁሐር ሚካኤል ብትወርዱ ከፍ ብሎ ዓይን የሚይዝ ነገር የለም፤ ክረምት ውሃ ነው፣ በጋ ሩዝ የታጨደበት ጥቁር መሬት ነው። እኔ ግን እዚያው ወረታ፣ በተከራየሁበት ግቢ ውስጥ፣ ደረቴ ድረስ የሚደርስ ገደል ሠርቻለሁ።

ምክንያቱ እጮኛዬ ነበረች። እሷ አዲስ አበባ በአንድ የችግኝ ጣቢያ ትሠራለች፤ እኔ ወረታ የባዮሎጂ መምህር ሆኜ ተመድቤያለሁ። ወደዚህ ተዛወሪና እንጋባ ባልኳት ቁጥር ስለ ወባው፣ ስለ ጭቃው ትጠይቀኝና ወሬ ትለውጣለች። በመጨረሻ በወተት ጣሳ የተተከለ አንድ ችግኝ በአውቶብስ ረዳት ላከችልኝ። ከባሕር ማዶ፣ በአንዲት ደሴት ቀጥ ያለ ገደል ላይ ብቻ የሚበቅል፣ እዚያም ሊጠፋ ጥቂት የቀረው ቁጥቋጦ ነው። ሥሩ ውሃ ከቆመበት ይበሰብሳል። አብሮት የመጣው ደብዳቤ አጭር ነበር። “ገደል የለመደውን እዚያ ረግረግ ላይ አበባ እስኪያወጣ ካቆየኸው፣ እኔንም ታኖረኛለህ ማለት ነው። ያኔ ዝውውር እጠይቃለሁ።”

ሌላው ሰው ሽማግሌ ይልካል፣ እኔ ድንጋይ ማጓጓዝ ጀመርኩ። የፎገራ አፈር ድንጋይ የለውም፤ ከወንዛዬ ፍል ውሃ በኩል በጋሪ አስመጣሁ። ስከምር ያየኝ ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ማንን እንደቀበርኩ በትሕትና ይጠይቀኛል። ዘመኑ ደግሞ የሪፖርት ዘመን ነው። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ክምሩን አይቶ ወደደውና፣ በኋላ እንደሰማሁት፣ ለወረዳ ባቀረበው ሪፖርት ላይ “የእርከን ሥራ” ብሎ አስገባው። ሜዳ ላይ የተሠራ የመጀመሪያው እርከን ሳይሆን አይቀርም።

ዋናዋ ባላጋራዬ ግን አከራዬ ነበሩ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁሐር ሚካኤል ሩዝ ሲያርሙ ኖረው ወደ ከተማ የገቡ እናት ናቸው። ልባቸው ቅቤ ነው፤ መከራዬም ይኸው ልባቸው ነበር። ችግኙን ከክምሩ አናት ላይ ተክዬ፣ አደራ ውሃ እንዳያጠጡት ብዬ ለመንኳቸው፤ እሺ ልጄ አሉኝ። በማግሥቱ ድንጋዩ ርሶ አገኘሁት። ጤዛ ነው አሉ። በጋ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጤዛ! አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ቀደም ብዬ ስመለስ ጣሳቸውን እንደያዙ ደረስኩባቸው። እፍረት የሚባል አላየሁባቸውም።

“አንተ እየጠጣህ ይህን ምስኪን በውሃ ጥም ትገድለዋለህ?” አሉኝ። “እኔ በቁሜ እያየሁ አይሆንም።”

ስለ ደሴቱ፣ ስለ ገደሉ፣ ስለ ሥር መበስበስ አንድ በአንድ አስረዳኋቸው፤ ተማሪዎቼ እንኳ እንዲያ በጥሞና ሰምተውኝ አያውቁም። ስጨርስ፣ ደሴት ከሆነ ዙሪያው ውሃ አይደለም ወይ ብለው ጠየቁኝ። ዲግሪዬ ምን ይዋጠው!

ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስንጠባበቅ ኖርን። እኔ ጣሳቸውን እደብቃለሁ፣ እሳቸው ከጎረቤት ይዋሳሉ። ደግነቱ የሚያፈሱት ሁሉ በድንጋዩ መሐል ሾልኮ ይወርዳል። ኋላማ ይሉኝታዬን ሸጬ በእሾህ አጠርኩት፤ ያውም በሰው ግቢ፣ በገዛ መሬታቸው ላይ። ሰው አጠገቡ በደረሰ ቁጥር ቆሌዬ ይገፈፋል።

በሦስተኛው ዓመት መስቀል እንዳለፈ አበበ። አበባው ነጭ ነው፣ መሐሉ ሐምራዊ፤ ቅጠሉ እስኪጠፋ ድረስ ለበሰው። ቴሌ ሄጄ፣ ተሰልፌ ደወልኩላት። በዓይኔ ካላየሁ አላምንም አለችና ቅዳሜ እንደምትደርስ ነገረችኝ።

ቅዳሜ ልቀበላት መናኸሪያ ስሄድ፣ የምትመጣዋ እንግዳ ማን እንደሆነች ለአከራዬ ነገርኳቸው። ሚስትህ ልትሆን ነው ወይ አሉኝ። አበባውን ካየች አዎ አልኳቸው። አውቶብሱ በጣም ዘገየ፤ እዚያው ቆሜ ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቅኩ።

ይዣት ግቢ ስንገባ ገደሌ ራሰ በራ ሆኗል። የእሾህ አጥሩ ጥግ ላይ ተቆልሏል። እየሮጥኩ ወደ አከራዬ ቤት ስዘልቅ ወለሉ ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፤ በቄጠማው ላይ፣ ከደጃፉ እስከ መደቡ ድረስ፣ በዓለም ላይ ጥቂት የቀረው ቁጥቋጦ ከነቅርንጫፉ ተነስንሷል። እሳቸው ማጭዳቸውን ግድግዳው ላይ ሰክተው፣ ነጭ ለብሰው ቆመዋል።

“ታየዋለች ብለህ አልነበር?” አሉኝ። “ለሙሽራ እግር ያልሆነ አበባ ለመቼ ሊሆን ነው?”

ደሜ ፈላ። እስከዚያን ቀን የዋጥኩትን ሁሉ ልዘረግፈው አፌን ስከፍት እጮኛዬ ክንዴን ያዘችኝ። ጫማዋን ደጃፉ ላይ አውልቃ፣ እየተጠነቀቀች ገባች። አንዱን አበባ አንስታ እንደ ባለሙያ ገልብጣ አየችው፤ ከዚያ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ጎንበስ ብላ የሴትዮዋን ጉልበት ሳመች፤ እሳቸውም አቅፈው መደቡ ላይ አስቀመጧት።

“አንዲት ቃል እንዳትናገር” አለችኝ። “አንተ በእሾህ ያጠርከውን እሳቸው እግሬ ሥር አነጠፉልኝ።”

ዝውውሩን በወሩ ጠየቀች። ለእኔ ብላ እንዳልሆነ ግን ከተጋባን በኋላም ደጋግማ ነግራኛለች።