ስምንት ያልኩት መልስ

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬ አላውቅም። እናንተ ስሙኝ፤ ግን አታጽናኑኝ።

አዳማ ውስጥ የአሥራ አንደኛ ክፍል ኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ጻፍኩ፦ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ የአንድ ሞል መቶ ሚሊዮንኛ እጅ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ቢኖር ፒኤቹ ስንት ነው? በቀመሩ ሠራሁና ስምንት አልኩ። ክፍሉ በሙሉ ገለበጠ። ከመልካሳ እየተመላለሰች የምትማረው ጫልቱ ብቻ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ከሰባት በላይ እኮ ቤዝ ነው። አሲድ ውሃ ስለበዛበት ቤዝ ይሆናል እንዴ?»

ተማሪው ሳቀ፤ በእሷ ሳይሆን በእኔ። አንገበገበኝ። «ወላጅ ሳታመጪ እንዳትገቢ!» ብዬ አስወጣኋት።

በእረፍት ሰዓት መጽሐፍ ገለጥኩ። ልጅቷ ልክ ናት። አሲዱ ይህን ያህል ሲያንስ ውሃው ራሱ የሚሰጠው ሃይድሮጅን አብሮ ይታሰባል፤ መልሱ ከሰባት ትንሽ ዝቅ ይላል። እኔ ረስቼው ነበር። እንግዲህ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የሠራሁትን ሁሉ አውቄ ነው የሠራሁት።

በሦስተኛው ቀን አባቷ የደረሰ ሽንኩርታቸውን ማሳ ላይ ትተው መጡ። ተማሪው ሁሉ እያየ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ባርሲሳ» አሉኝ፤ በኦሮምኛ መምህር ማለታቸው ነው። «ልጅ ናት፤ እኔን ብለው ይማሯት።» ጫልቱም ዓይኔን እያየች ይቅርታ ጠየቀችኝ። እኔ፣ ልክ መሆኗን የማውቀው እኔ፣ «ይቅር ብያለሁ» አልኩ። ምኑን ነው ይቅር ያልኩት? አባቷን ቁጭ ይበሉ እንኳ አላልኳቸውም።

ከዚያ ወዲያ እጇን አላወጣችም። ፋርማሲስት እሆናለሁ ትል የነበረች ልጅ በዓመቱ መጨረሻ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ልዛወር ብላ አመለከተች። ቅጹ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ ምን ብዬ እጠይቃታለሁ?

ወጣት ነበርክ የሚለኝ አይጠፋም። አባትን ከማሳው አስጠርቶ ለማዋረድ የበቃ ሰው ምኑ ነው ልጅ? የመምህር ክብር የሚለኝም ካለ ክብሩን ለራሱ ያድርገው። እኔ እንደሆነ ያንን ጥያቄ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ ስምንት እላለሁ፣ ከዚያም ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። እጁን የሚያወጣ ሲገኝ ጠመኔውን ሰጥቼው እቀመጣለሁ። ይህን ለካሳ አትቁጠሩልኝ፤ ለጫልቱ ምንም አላደረገላትም።

ይቅር በሉኝም አልላችሁም። የማይገባኝን ይቅርታ አንድ ጊዜ ክፍል ሙሉ ሰው ፊት ተቀብያለሁ። ሁለተኛ አልቀበልም።