ለተቀመጠ ሰው የተቆረጠ መስኮት

የሰፈራችን መስታወት ቆራጭ አንዴ ካለ አለ ነው። የከተማውን ፎቅ ሁሉ መስታወት ሲያለብስ የኖረ ሰው የራሱን ቤት ሲነድፍ፣ በመንገዱ በኩል አንዲት ጠባብ መስኮት ብቻ አስቀረ። ሰፈሩ ጉድ አለ።

እሱ ግን የሚያስበው ለአባቱ ነበር። ሽማግሌው ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው፤ ልባቸውን ስለሚያማቸው ሙቀት ሲበረታ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። የተከራዩት የቆርቆሮ ቤት ከቀትር በኋላ እሳት ነው። መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ሲቆም፣ ልጅየው ካርቶን ይዞ ሲያራግብላቸው ይውላል። ሐኪሙም “ሌላ በጋ እዚህ ቤት ባያሳልፉ ይሻላል” ብሎታል።

ስለዚህ ያለ መብራት የሚቀዘቅዝ ቤት ለመሥራት ቆረጠ። ግድግዳው ከተጠቀጠቀ አፈር፣ ውፍረቱ ክንድ ሙሉ። ከጣራው ሥር ትኩስ አየር የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች አሉት። ሰፋፊዎቹን መስኮቶች ወደ ጓሮ አዞረ፤ የከሰዓቷ ፀሐይ የምትመጣው በመንገዱ በኩል ነዋ!

አባት ተቆጡ። “ዕድሜ ልኬን መንገድ ሳይ ኖሬ ግድግዳ እያየሁ ልሙት? እዚያ ቤት አልገባም!”

“አባዬ፣ መንገዱንም ያያሉ፣ ሙቀትም አይነካዎትም።”

“ባንድ እግር ሁለት ዛፍ አይወጣም፣ ልጄ።”

ልጁ አንድ ቀን ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ ሲያንቀላፉ ጠብቆ ሜትሩን ከወለሉ እስከ ዓይናቸው ዘረጋ። መስኮቷን በዚያ ልክ ዝቅ አድርጎ አስከፈታት፤ ከላይዋም ሰፊ ጥላ አወጣላት። ግንበኛው ሳቀ።

“ይቺ ለሰው ናት ለዶሮ?”

“ለተቀመጠ ሰው።”

ቤቱ ሲያልቅ አባት “ለማየት ብቻ ነው” ብለው መጡ። በሩ ላይ ቆመው መስኮቷን ከወገባቸው በታች ሲያገኟት “አላልኩም?” ብለው ሊመለሱ ዞሩ።

ልጁ ወንበር አቀረበ። “እስቲ አረፍ ይበሉ።”

እያጉረመረሙ ተቀመጡ። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ፊታቸው ተዘረጋ። ብዙም ሳይቆዩ፣ “ያንን ሹፌር እየው! ፍሬን እንዲህ ይያዛል? መኪናውን ገደለው እኮ!” ማለት ጀመሩ። ፀሐይዋ በረታች፣ እሳቸው ከአላፊው መኪና ሁሉ ጋር ሙግት ገጥመዋል።

በዚህ መሃል መብራት ጠፋ። ልጁ እንደለመደው ካርቶን አንሥቶ ሮጠ።

አባት ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ፣ “ያንን ጣልና ሹራቤን አምጣልኝ” አሉት።