የዘጌዋ ሸጊቱ እና በጌሾ ሥር ያሉት ጠርሙሶች

ሸጊቱ ከዘጌ ገዳማት ጠበል እየቀዳች ባሕር ዳር ትቸረችራለች ይባል ነበር። ወሬውን ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ ያዳረስነው ግን ሁላችንም ነን። አንዳንዱ እንዲያውም አብዮቱ ሲመጣ ካህናቱ ጠበላቸውን በሷ እጅ ወደ ከተማ እንዳሸሹ ይምል ነበር።

ሐሰት ነው። ጠርሙሶቹስ እውነት ናቸው፤ ውስጣቸው የነበረው ግን ሽንት ነው።

ሸጊቱ ጌሾና ሎሚ ነጋዴ ነበረች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ በጀልባ እየተሻገረች ባሕር ዳር ገበያ ትውላለች። ሎሚ ላይ ምራቂ የማታውቅ፣ ምክር ላይ ግን ሳይጠይቋት የምትመርቅ ሴት ናት። አምሐ የሚባል የእህቷ ልጅ ከተማ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ይሠራል። የጠዋት ሽንት ከመድኃኒት ጋር መስታወት ላይ ጠብ አድርጎ፣ አወዛውዞ፣ ሴቲቱ አርግዛ እንደሆን ይናገራል። የዘጌ ሴት ራሷ ሄዳ ጤና ጣቢያ በር ላይ ብትታይ ግን ወሬው ከጀልባው ቀድሞ ይመለሳል። ስለዚህ ሴቶቹ ንጋት ላይ በየቤታቸው ጠርሙስ ሞልተው ለሸጊቱ ይሰጣሉ፤ እሷም ቅርጫቷ ውስጥ ጌሾው ሥር ትቀብረዋለች። ሴቶቹ ሁሉ ያውቃሉ። ወንዶቹ ጠበል ይመስላቸዋል፤ ከዘጌ የሚመጣ ጠርሙስ መቼም ሌላ ምን ሊይዝ ነው? ጀልባው ላይ ቅርጫቱን ተሳልመው የሚያሳልፏት ሽማግሌዎች ነበሩ። ሸጊቱም «ይድረስዎ» ትላቸዋለች እንጂ አትስቅም።

እናትዓለም ጎረቤቷ ናት። አለበልን ካገባች ብዙ ክረምት አልፏል፤ ልጅ የለም። አማቷ ወለተ ሥላሴ ታክቷት ሽማግሌ ጠራች፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ምራቷን ወደ አባቷ ቤት ወደ አንበሳሜ ሊሸኟት። እናትዓለም «የወር አበባዬ ቀርቷል» ብትልም የሚሰማት አጣች፤ ከዚህ በፊትም እንዲሁ ብላ መጥቶባታል።

«ሸጊቱ ከአምሐ ዘንድ ቃል ይዛ ከመጣች አምናለሁ» አለች ወለተ ሥላሴ። የራሷን ሴት ልጆች ጠርሙስ ልካ ታውቃለችና። «ካልሆነ ጓዟን ትሸክፍ።»

ቅዳሜ ጠዋት ሸጊቱ የእናትዓለምን ጠርሙስ ይዛ ባሕር ዳር ስትወርድ ወደቡ ላይ ፍተሻ ነበር። ፈታሹም የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ቢያዝን። በዋዜማው ስብሰባ ላይ ጠበልና ክታብ የኋላ ቀርነት ቅሪት መሆናቸውን እስኪያልበው ያስረዳ ሰው ነው። እጁን ጌሾው ውስጥ ሰደደና ጠርሙሱን አወጣ።

«እትዬ ሸጊቱ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ጌሾ ነው፣ ጓድ።»

«ጌሾ መቼ ፈሳሽ ሆነ? ጠበል ነው! ስትነግጂበት ሰምተናል።» ዞር ብሎ ጓዶቹ ራቅ ማለታቸውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለራስ ምታት ይሆናል?»

ሸጊቱ መልስ ስታሰላስል ቡሹ ወለቀ። ጓድ ቢያዝን እፍኙን ሞልቶ ግንባሩን ረጨ፤ በስመ አብም ሳያመልጠው አልቀረም።

«ለብ ያለ ነው! የገዳም ሽታም አለው።»

ከዚያ ጠርሙሱን ወደ ካፖርቱ ኪስ አስጠጋ። ሸጊቱ ጨነቃት። ጀልባው በቀን አንዴ ነው፤ ሌላ ለማምጣት ጊዜ የለም። ሽንት ነው እንዳትል፣ ሰውየው ሽጉጥ ታጥቋል፣ ፊቱም እርጥብ ነው። ዝም ካለች ደግሞ እናትዓለም ነገ አንበሳሜ ናት።

«ይውሰዱት፣ ጓድ» አለች። «በሴት ስም የተቀዳ፣ የመካን ጠበል መሆኑን ይወቁት ብዬ እንጂ። ወንድ ቤቱ ካስገባው…»

«ካስገባውስ?»

«እኔ ምን አውቄ። ብቻ የማውቀው አንድ ሰው ጡቱ አጎጠጎጠ።»

ጠርሙሱ እንደ ቦምብ ተመለሰላት።

«እኔ እንኳ በአጉል እምነት አላምንም» አለ ጓድ ቢያዝን።

«ደግ አደረጉ።»

«ግንባሬን ግን ነክቶኛል።»

«ለግንባር ግድ የለም። ሐይቁ እዚሁ ነው፣ ይታጠቡት።»

ሊቀ መንበሩ ካፖርቱን ሰብስቦ ጣና ዳር ተንበረከከ። ጓዶቹም ያላዩ መስለው ሰማዩን አዩ።

አምሐ ጠርሙሱን ብርሃን ላይ አንስቶ ቢያየው እታች የቀረው እፍኝ አይሞላም።

«አክስቴ፣ ምነው ይህችን ታህል?»

«የምትፈልገው ጠብታ አይደለም? የቀረውን መንግሥት ወስዶታል።»

ጠብ አደረገ፣ አወዛወዘ፣ አጎንብሶ አየ። ሸጊቱ ነጠላዋን ነክሳ ቆማለች።

«አርግዛለች» አላት።

«እስቲ ደግመህ እየው።»

ደግሞ አየው። አርግዛለች።

እሑድ ሊሸኙ የመጡት ሽማግሌዎች ለደስታ ምሳ ተቀመጡ። ወለተ ሥላሴ እልልታዋን አቅልጣ «እኔስ ድሮም ልጄን ጠርጥሬያት አላውቅም» አለች፤ እናትዓለምም ወጡን ታማስላለች። ከሽማግሌዎቹ የሚበልጡት አለቃ ወልደ ገብርኤል ግን ነገሩን በፍርድ መዝጋት ፈለጉ።

«ባታረግዝ ኖሮስ ማን ይፈርድብን ነበር?» አሉ። «መካን ሴት ቤት አታቆምም።»

አለበልም ጠላውን ይዞ ራሱን በመስማማት ነቀነቀ። ይህን ጊዜ ነው ሸጊቱ ዋንጫዋን መሬት አስቀምጣ የተናገረች።

«አለቃ፣ እኔ የስንቱን ሴት ጠርሙስ ተሸከምሁ። ልጅ ጠፋ ሲባል ‹እስቲ የኔንም ወስደሽ አስመርምሪልኝ› ያለኝ ወንድ ግን እስካሁን አላየሁም። የናንተ ጠርሙስ ይከብዳል እንዴ?»