የታሰረ ጫማ ማሰር

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጨምቆ ተጨምቆ ቢንጠፈጠፍ ምን ይወጣዋል? ጥያቄው በወጣትነት ሲጠየቅ ጉራ ነው፤ በእርጅና ሲጠየቅ ግን ብርድ ብርድ ይላል። ከአንዳንዱ ዕድሜ ቤትና ንብረት ይወጣል፤ ከአንዳንዱ ደግሞ አፍ እንኳ የማይሞላ ነገር። ከጋሽ ቆዩ ዕድሜ የወጣው አንድ ቃል ነው፤ «ቆዩ!» የሚል።

ሥራው ተማሪ ማሻገር ነበር። ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ መኪና እንደ ጎርፍ በሚወርድበት አስፋልት ዳር፣ ቀይ ክብ ሰሌዳ ይዞ ይቆማል። ልጆቹ እየተንጋጉ ይመጣሉ፤ አንዱ የሌላውን ቦርሳ ይጎትታል፣ አንዷ ወደ ኋላ እያየች ወደ ፊት ትሮጣለች። «ቆዩ!» ይላል። ቀጥ ይላሉ። ከዚያ ሰሌዳውን ከፍ አድርጎ መሃል አስፋልት ይገባል። የቸኮለ ሹፌር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ሲሰድበው፣ «ስድብህን ልቀቅ፤ ፍሬንህን ግን ያዝ» ይለዋል። በሥራ ዘመኑ ሁሉ አንድ ልጅ አልተገጨበትም። እናት አባቱ ያወጡለትን ስም ተማሪ አያውቀውም ነበር፤ ለሁሉም ጋሽ ቆዩ ነው። ቅጽል ስሙ ከትምህርት ቤት ሰፈር ገባ፣ ከሰፈር ቤት ገባ፣ ኋላማ ነፍሷን ይማርና ሚስቱ ሳትቀር «ቆዩ፣ ምሳህ ቀርቧል» ትለው ጀመር።

ለሰው ደፋር ይመስል ነበር። አልነበረም። ሌላው ሰው መኪና ሲያይ መኪና ያያል፤ እሱ የሚያየው ከመኪናው በኋላ የሚመጣውን ነው፤ የወደቀ ቦርሳ፣ የምትጮኽ እናት። ጥሩ አሻጋሪ ያደረገውም ይኸው ፍርሃቱ ነበር። ፍርሃት እንደ ውሻ ነው፤ በር ላይ ከታሰረ ቤት ይጠብቃል፣ ከተፈታ ግን ባለቤቱን ይነክሳል።

ጡረታ ወጥቶ እንደ ተረሳ ካፖርት ወንበር ላይ ተጥሎ ሳለ የእህቱ ልጅ መጣች። እናቷ ከሞተች ጀምሮ በእጁ ያደገች፣ ልብስ መሸጫ ተቀጥራ የምትሠራ፣ ምላሷ እንደ መቀስ የሆነ ልጅ ናት።

«አጎቴ፣ ተነሥ። ቴሌቪዥን ውስጥ ልንገባ ነው።»

«በየት በኩል?» አላት ቴሌቪዥኑን እያየ።

ነገሩ የጉዞ ውድድር ነበር። ሁለት ሁለት ሆኖ ከአንድ ዳርቻ ወደ ሌላው ዳርቻ መጓዝ። አውሮፕላን የለም፣ ስልክ የለም፤ ለሁሉም እኩል የሆነች ጠባብ ስንቅ ብቻ ትሰጣለች። መጨረሻው አዳራሽ ቀድሞ ደርሶ ደወሉን የደወለ ሽልማቱን ይወስዳል። ከእያንዳንዱ ጥንድ ጋር አንድ ካሜራ የያዘ ሰው ይሄዳል፤ ይቀርጻል እንጂ አይረዳም። ተወዳዳሪ መዋሸት አይችልም። ካሜራ የያዘውም ስለ ሌላው ጥንድ አንዲት ቃል መተንፈስ አይችልም፤ ማንም ከማንም የበለጠ እንዳያውቅ፣ ፍትሕ እንዳይጓደል።

ልጅቷ ደንቡን አንብባ ሳቀች። «መዋሸት ክልክል ነው። ዝም ማለት ክልክል ነው የሚል ግን አላየሁም። ይህችን ያዝልኝ፣ አጎቴ።»

የራሷን ሱቅ መክፈት ነበር ሕልሟ፤ የራሷ በር፣ የራሷ ቁልፍ። እሱ ደግሞ እምቢ ሊላት የሚችልበትን ዕድሜ አሳልፎ ነበር።

በጀልባ፣ በጭነት መኪና፣ በእግርም ተጓዙ። ሌሎቹ እየደከሙ ወጡና ሁለት ጥንድ ቀረ፤ እነሱና ዳቦ ጋጋሪዎቹ። ዳቦ ጋጋሪዎቹ ባልና ሚስት ናቸው፤ ባልየው ዝምተኛ፣ ሚስትየው ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ። ሐይቁን ሲሻገሩ ጋሽ ቆዩ ማዕበሉን ፈርቶ የጀልባውን ጠርዝ ሙጭጭ ብሎ ቢይዝ፣ ሴትዮዋ አጠገቡ መጥታ የአንገት ልብሷን ጠመጠመችለት። «አይዞህ ወንድሜ፣ እኔ እያለሁ ጀልባው አይገለበጥም፤ ክብደቴን አታይም?» አለችው። ያኔ ተፎካካሪ መሆናቸውን ረሳ።

የመጨረሻው ጉዞ የሚጀምረው ከተራራ ሥር ካለ መናኸሪያ ነበር። ዝናቡ ከሰነበተ ሰንብቷል። የመናኸሪያው ወለል ጭቃ፣ የመኪናው መስኮት ሁሉ ጉም ለብሷል። ወደ መጨረሻው ከተማ ሁለት መንገድ አለ፤ በተራራው ላይ በሚኒባስ አጭር፣ በቆላው በባቡር ረጅም። ልጅቷ የባቡሩን ሰዓት ልትጠይቅ ስትሄድ ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ተራ አስከባሪ ወደ ጋሽ ቆዩ ጠጋ አለ።

«አባት፣ በተራራው እንዳትሄዱ። ከትናንት ጀምሮ ድንጋይ እየተንከባለለ ነው። እናቴን ብትሆን አልጭናትም።»

«ታዲያ ይኼ ሚኒባስ ለምን ይጭናል?»

«ዝጋ ያለኝ አለቃ የለማ!» ብሎ ፊሽካውን ነፋና ሄደ።

ልጅቷ ስትመለስ የሰማውን ነገራት። ዓይኗ በራ። «በቃ፣ በባቡር ነን። እነሱ በተራራው ሄደው መንገዱ ከተዘጋባቸው እንቀድማለን።»

«ቢናድባቸውስ?»

«ኧረ አጎቴ፣ አንተ ደግሞ! ሁልጊዜ አንድ ነገር ይታይሃል።»

ይህን ተባብለው ሳይጨርሱ ዳቦ ጋጋሪዎቹ ቦርሳቸው ጀርባቸው ላይ እየዘለለ ገቡ። ሚኒባሱ ሁለት ሰው ብቻ ጎድሎት ረዳቱ ይጮኻል።

«እናንተ! እስካሁን እዚሁ ናችሁ?» አለች ሴትዮዋ እያለከለከች። «በተራራው ቅርብ ነው አሉን፤ አይደል?»

«ቅርብ ነው» አለች ልጅቷ። እውነቷን ነው።

ሴትዮዋ ግን ወደ እሱ ዞረች። «አንተ ምን ትላለህ፣ ወንድሜ?»

ቃሉ ከሆዱ ተነሥቶ ጉሮሮው ደረሰ። ያ ዕድሜውን ሙሉ ሳይጠራው የሚመጣ ቃል። የእህቱን ልጅ አያት። በዓይኗ አላስፈራራችውም፤ ብታስፈራራው በተሻለ ነበር። ሕፃን ሳለች ትከሻው ላይ ሆና ታየው እንደ ነበረው ነበር ያየችው። ጎንበስ አለና የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ።

ጫማው ግን ታስሮ ነበር።

ቀና ሲል የሚኒባሱ በር ተዘግቷል። በጉም በተሸፈነው መስኮት ውስጥ አንድ እጅ ሲውለበለብ ታየው።

ባቡሩ ከተነሣ በኋላ ነው ፍርሃቱ የተፈታው። ተፈትቶም ባለቤቱን ነከሰ። በመስኮት የሚያየው ቆላ ሳይሆን ተራራው ነበር። አንድ ጣቢያ ላይ የተሳፈረ ሽማግሌ ዣንጥላውን እያራገፈ፣ «ተራራው ተንዷል አሉ» አለ ለማንም ሳይሆን ለሁሉም። «መኪና ይዞ ነው የሄደው።»

«የምን መኪና?» አለ ጋሽ ቆዩ።

«እኔ ምን አውቄ። አሉ ነው።»

ጋሽ ቆዩ ካሜራ ይዛ አብራቸው ወደምትጓዘው ወጣት ዞረ። ለአደጋ ጊዜ የተሰጣት ስልክ በኪሷ እንዳለ ያውቃል። «ልጄ፣ ደውይ።»

ወደ ፉርጎው ጫፍ ሄዳ ደወለች። ስትመለስ ፊቷ እንደ ተቆለፈ በር ሆኗል። «ጋሼ፣ ስለ ሌላ ቡድን ምንም ማለት አልችልም።»

«የት ደረሱ አላልኩሽም። በሕይወት አሉ ወይ ነው ያልኩሽ።»

«እሱንም አልችልም።»

«ካሉ ‹አሉ› ማለት ምን ይከብዳል?»

ቀራጯ ካሜራዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። «ዛሬ ‹አሉ› ካልኩ፣ ሌላ ቀን ዝም ስል ሞቱ ማለት ይሆናል። ስለዚህ ሁልጊዜ ዝም ነው፣ ጋሼ። ደንቡ ነው።» ይህን ስትል ዓይኑን አላየችውም። መቅረጹን ግን አላቆመችም።

ደንቡ ደግሞ ለሁሉም እኩል ነበር። ሰዎች ፍትሕ የሚሉት ነገር አንዳንዴ እንዲህ ነው፤ ለሁሉም ማብራት ሲያቅት የሁሉንም መብራት እኩል ማጥፋት። በጨለማው ውስጥ ማን ገደል እንደ ገባ መጠየቅ ያኔ ማጭበርበር ይሆናል።

ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ቦርሳውን አንሥቶ ቆመ። የእህቱ ልጅ እጅጌውን ያዘችው።

«ብትወርድ ሁለታችንም ከውድድሩ ወጣን ማለት ነው። ደግሞስ ወርደህ ምን ልታደርግ? በእጅህ ልትቆፍር?»

«ልጠይቅ።»

«ማንን? አጎቴ፣ ይናድባቸዋል ብዬ እኮ አይደለም…» ድምጿ ተሰበረ። «እምልልሃለሁ።»

«አውቃለሁ» አላት። ተመልሶም ተቀመጠ። ለእሷ ብሎ አልነበረም፤ ለሽልማቱም አይደለም። ቢመለስ ያውቃል። አለማወቅ ያስፈራዋል፤ ማወቅ ግን ይበልጥ ያስፈራዋል። ባቡሩ በየጣቢያው ሲያርፍ በሩ ይከፈታል፣ በሩ ይዘጋል፤ እሱም እዚያው ነው። ሐይቁ ላይ የተጠመጠመለት የአንገት ልብስ አሁንም አንገቱ ላይ ነበር። አልፈታውም፤ መንካት ፈርቶ።

አዳራሹ ሲደርሱ ባዶ ነው። ደወሉ ከጣሪያው ተንጠልጥሏል። የእህቱ ልጅ ገመዱን ይዛ ደወለች፤ እሱ ግን የቀብር ደወል እንደ ሰማ ሰው ዓይኑን ጨፈነ። አስተዋዋቂው ጥርሱን እያሳየ ብቅ አለ።

«እንኳን ደስ አላችሁ!»

«ዳቦ ጋጋሪዎቹስ?»

«እስቲ አረፍ በሉ። ትንሽ እንጠብቃለን።»

ወንበር ተሰጣቸው፤ ካሜራው ፊታቸው ላይ ተተከለ። አስተዋዋቂው የጋሽ ቆዩን ላብ እያየ፣ ወጥ እንደሚያንተከትክ ሰው አልቸኮለም። በመጨረሻ የጎን በር ተከፈተ። ዳቦ ጋጋሪዎቹ ገቡ፤ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ፣ የባልየው ክንድ በፋሻ ታስሮ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ናዳው የወረደው ከሚኒባሱ ፊት ለፊት ነበር። ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ ባልየው ከበሩ ጋር ተጋጨ፤ ሌላው ሰው ሁሉ ተርፎ በዝናብ ወደ ኋላ በእግሩ ወረደ። ያኔ ከውድድሩ ወጥተው ነበርና የዝግጅቱ መኪና ባልና ሚስቱን በቆላው መንገድ አምጥቶ ከባቡሩ ቀድሞ አስገብቷቸዋል። እሱ እዚህ ሲያልበው እነሱ ከግድግዳው ማዶ «አሁን አትውጡ» ተብለው ሻይ ይጠጡ ነበር።

ጋሽ ቆዩ መሬት ላይ ተንበርክኮ አለቀሰ።

«ተነሥ ወንድሜ» አለች ሴትዮዋ እየሳቀች። «በጉልበትህ የምትሄድ ከሆነ ውድድሩ አላለቀም ማለት ነው።» ስታነሣው ግን አፏን ወደ ጆሮው አስጠጋች። «ጫማህ ታስሮ ነበር እኮ» አለችው።

ሰው ባይሞት በደሉ አነሰ ይባላል። ግን በደሉን ያሳነሰው ማን ነው? የሹፌሩ እግር ነው፤ ትንሽ ዘግይቶ የወረደ ድንጋይ ነው። የጋሽ ቆዩ እጅ በዚያ የለበትም። እሱ የሠራው ያው ያንኑ ነው፤ ቢሞቱም ያንኑ፣ ቢተርፉም ያንኑ።

ከመተላለፉ በፊት ዝግጅቱን እንዲያዩት ተጠሩ። ጫማ የለም። መናኸሪያው አለ፣ ሚኒባሱ አለ፣ መስኮቱ ላይ የሚውለበለበው እጅ አለ። ጎንበስ ያለው ሰው ግን ተቆርጧል። መጨረሻ ላይ በሙዚቃ ታጅቦ የሚያለቅስ ደግ ሽማግሌ ይታያል፤ ተፎካካሪውን የሚወድ።

«ያችን ክፍል መልሷት» አለ ለአዘጋጁ።

«ለእርስዎ ብለን እኮ ነው ያወጣናት፣ ጋሼ። ሰው አሸናፊውን እንዲጠላው ነው የሚፈልጉት?»

«ያሻገርኳቸው ልጆች ያዩታል። ‹ቆዩ› ስላቸው ይቆሙ የነበረው፣ ዝም ካልኩ መንገዱ ደህና ነው ብለው ነው። ዝም ያልኩበት ቀን እንዳለ ይወቁ።»

አዘጋጁ ትከሻውን ሰበቀ። የእህቱን ልጅ ለመናት። «ሱቄን ገና ሳልከፍተው ልታዘጋው ነው?» ብላ አለቀሰች። ዳቦ ቤት ድረስ ሄዶ ሴትዮዋን ለመናት፤ አንቺ ብትጠይቂ እምቢ አይሉሽም አላት። እሷም ዱቄት የነካውን እጇን ሽርጧ ላይ እየጠረገች፣ «እኔ ይቅር ብያለሁ፤ አንተ ደግሞ አታብዛው» አለችው።

«ይቅርታ አይደለም የጠየቅሁት፣ እህቴ።»

ለመጨረሻ ጊዜ ወደ አዘጋጁ ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ፤ ኮፍያውን በእጁ ይዞ። «ጫማዬን የማስርባትን ብቻ» አለ። «ቃል አትጨምሩባት፣ ሙዚቃም አታድርጉባት። እንዲሁ አሳዩዋት።»

አላሳዩዋትም።