በጫማ ካርቶን የሚኖሩ ሰዎች

ደራሲዋ ሰው የምትፈጥረው በካርድ ነው። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ሲያዩት ግን ያስገርማል። መጀመሪያ ከወፍራም ወረቀት የመዳፍ ስፋት ያህል ትቆርጣለች። ከላይ የሰውየውን ዕድሜ፣ ከሥሩ ሥራውን ትጽፋለች። ቀጥሎ የጫማውን ቁጥር። የጫማ ቁጥር ለልብ ወለድ ምን ይሠራል ለሚል መልስ አላት፦ ጫማው የሚጠበው ሰው ደረጃ ሲወጣ ይነጫነጫል፤ ተነጫንጮ የገባ ሰው ለሚስቱ ሰላምታ የሚመልሰው በሌላ ድምፅ ነው፤ ከዚያች ድምፅ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሊወለድ ይችላል። ከጫማው በታች የሚፈራውን ነገር ታሰፍራለች። የመጨረሻው መስመር ግን ከሁሉም ይበልጣል፦ ይህ ሰው ቢጸልይ ምን ይለምን ነበር?

ካርዶቹ የሚኖሩት በአንድ የጫማ ካርቶን ውስጥ ነው። ጠዋት ጠዋት መስኮቷን ትከፍትና ካርቶኑን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ በዚያ ቀን ምዕራፍ ለሚገቡት ሁሉ አንድ በአንድ ትጸልያለች። ለሌባውም፣ ለምቀኛውም፣ ባሏን ለከዳችውም። ያልጸለየችለትን ሰው አትጽፍም።

ይህን ሕግ ያስተማራት የመጀመሪያ መጽሐፏ ነው። እዚያ ውስጥ አንድ ክፉ አጎት አለ። ከመግቢያው እስከ መዝጊያው ጥርሱን ሲያፋጭ ቢከርምም አንባቢ ሊፈራው ቀርቶ ሳቀበት። ምን ጎደለው ብላ ስትመረምር፣ አንድ ቀን እንኳ አዝናለት እንደማታውቅ ገባት። ለሰው ለመጸለይ ጉዳዩን ማወቅ ግድ ነው፤ ጉዳዩን ያወቁለት ሰው ደግሞ እንጨት ሆኖ አይቀርም። ከዚያ ወዲህ አምስት መጻሕፍት ወጥተዋል።

የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበረች፤ ጡረታ ከወጣች ሦስት ዓመቷ ነው። የምትኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። ጠረጴዛዋ ሁለት ወንበሮች አሉት፤ አንዱ የእሷ፣ ሌላው የመጻሕፍት ክምር። ካርቶኑ ውስጥ የሚኖሩት ሰዎች ሰላሳ ስምንት ናቸው። ከካርቶኑ ውጭ አንድ እህት አለቻት፤ እሷም ሩቅ ከተማ ናት፤ ሲመቻት ትደውላለች።

በሰባተኛው መጽሐፍ ላይ ሳለች ነው ነገሩ የደረሰው። የመጽሐፉ ባለታሪክ አንዲት ልብስ አጣቢ ናት። አርታኢዋ በስልክ፣ "በመጨረሻው ምዕራፍ ትሙትልሽ። ብቻዋን። አንባቢ ስቅስቅ ብሎ ያልቅስ" ብሏታል። እሷም ተስማምታ ነበር።

በየሳምንቱ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለችው ክፍል ሰባት ሰዎች ለጸሎት ይሰበሰባሉ። እያንዳንዱ ጉዳዩን ያለ ስም በወረቀት ጽፎ ሣጥን ውስጥ ይጨምራል፤ ከዚያ አንድ ሰው እያወጣ ያነባል፤ ሁሉም ይጸልያል። ደራሲዋ በዚያ ቀን ስለ ጉልበቷ ሕመም ጽፋ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ሸጉጣ ነበር። ጠዋት የጸለየችበት ካርድም እዚያው ነበረ። መነጽሯን ሳታደርግ እጇ የገባውን ጨመረች።

ቡድኑን የሚመሩት ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ሁሉም ሲስተር ይሏቸዋል። ወረቀቱን አውጥተው አነበቡ፦

"ሃምሳ ሦስት ዓመት። ልብስ አጣቢ። ጫማ ሰላሳ ስምንት። ስልኩ ተበላሽቶ እንዳይሆን ለማየት በቀን ሁለት ጊዜ ታነሳዋለች። ከእሑድ እስከ እሑድ ስሟን የሚጠራ የለም። የምትለምነው፦ በስህተት እንኳ ቢሆን በሯን የሚያንኳኳ ሰው።"

ደራሲዋ አፏን ስትከፍት ሌሎቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ከዚያ በኋላ ማን ያቋርጣል? ስድስት ሰዎች ለዚያች ሴት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለመኑ። የደራሲዋ ጉልበት በዚያ ሳምንት ያለ ጸላይ ቀረ።

በሁለተኛው ሐሙስ እንደገና ተጸለየ። በሦስተኛው ሲስተር ካርዱን ይዘው፣ "እንግዲህ መጸለይ ብቻ አይበቃም፤ ሄደን እንጠይቃት። አድራሻዋን የሚያውቅ አለ?" አሉ።

"እኔ እሄዳለሁ" አለ ከቡድኑ አንዱ፣ ልብስ ሰፊው። "ሸሚዜንም ይዤላት እሄዳለሁ። አጣቢ አይደለች?"

ሳቁ። ደራሲዋ አልሳቀችም። "ሌላ ከተማ ገባች አሉ" ብትል እዚያው ያልቃል፤ ሰው መግደል ለለመደ ብዕር ሰው ማዛወር ምኑ ነው? ነገር ግን መጽሐፍ ላይ ልብ ወለድ የሚባለው፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ውሸት ነው። እውነቱን ብትናገር ደግሞ አንድ ጥያቄ ይከተላል፦ ሴትዮዋን ከየት አመጣሻት? ሦስት ሳምንት ምላሷን ያሰረው ይኸው ጥያቄ ነበር።

"አድራሻ የላትም" አለች።

"ጎዳና ላይ ነው እንዴ የምትኖረው?"

"አይደለም። የመጽሐፌ ሰው ናት። ካርዱን በስህተት ነው የጨመርኩት። ይቅርታ አድርጉልኝ።"

ልብስ ሰፊው ጉልበቱን መታ። "እህቴ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ለወረቀት ነው ያስጾምሽኝ?"

"አንተ ደግሞ መቼ ጾምክ?" አለችው ጎረቤቱ፤ ክፍሉ እንደገና ሳቀ።

ሲስተር ብቻ ካርዱን አላስቀመጡም። አርባ ዓመት ሙሉ "የት ጋ ነው የሚያምሽ?" ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው።

"ይህን የስልኩን ነገር" አሉ ቀስ ብለው፣ "ከየት አመጣሽው?"

"እንዲሁ... አሰብኩት።"

"በቀን ሁለት ጊዜ?"

ደራሲዋ እጆቿን አየች። "አንዳንዴ ሦስት" አለች።

የሳቀ አልነበረም። ሲስተር ካርዱን አጥፈው ወደ ሣጥኑ መለሱት።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በሯ ተንኳኳ። ስትከፍት ሲስተር ናቸው፤ ሦስት ፎቅ የወጡበት ትንፋሽ ገና አልተመለሰም።

"በስህተት ነው ያንኳኳሁት" አሉ። "ካንኳኳሁ አይቀር ግን ልረፍ።"

የሚያርፉበት አልነበረም። ደራሲዋ ከሁለተኛው ወንበር ላይ መጻሕፍቱን እያነሳች ወለሉ ላይ ደረደረች፤ አርባ አንድ ነበሩ። ሻይ ጠጡ። ብዙም አላወሩም። ሲስተር የጫማ ካርቶኑን አይተው፣ "ይህ ሁሉ ሰው ቤትሽ ውስጥ እያለ!" ብለው ፈገግ አሉ። አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጠው ሄዱ። የእግራቸው ድምፅ ደረጃው ላይ እየራቀ ሲሄድ ቤቱ ከወትሮው የበለጠ ጭር አለ፤ እንዲህ ጭር እንደሚል ቀድማ አላወቀችም ነበር።

በማግስቱ ሣጥኑ ውስጥ የቀረውን ካርድ በቃሏ በአዲስ ወረቀት ጽፋ ጸለየች፤ ከዚያ የመጨረሻውን ምዕራፍ ጀመረች። አጣቢዋ አልሞተችም። የላይኛውን ፎቅ የሚፈልግ ሰው በሯን አንኳኳ፤ መንገዱን አሳየችውና እስኪወጣ ድረስ በሩን ሳትዘጋ ቆመች። አርታኢው ምን እንደሚል ታውቃለች።

መጻሕፍቱን ወንበሩ ላይ አልመለሰቻቸውም። ሳምንቱን ሙሉ በመጣች በሄደች ቁጥር እየተደናቀፈችባቸው ከረመች። ስልኩንም ታነሳዋለች፤ በቀን አንዴ።