ከሠልስቱ ማግስት መዝገብ ቤት

ሮቤ ባለው መሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተሮች አርጅተው ሲያስቸግሩ ሁሉም ላይ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሲስተም የጫንኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ጥያቄው ሁሉ ወደ እኔ ነው የሚመጣው። አባቴን ጎባ ቀብረን በሠልስቱ ማግስት ሥራ ገባሁ። ፈቃድ የወሰድኩት «የቤተሰብ ጉዳይ» ብዬ ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም። ጥቁር ሹራብ ለብሻለሁ፤ በሮቤ ብርድ ጥቁር ሹራብ ማንንም አያስጠይቅም።

መጀመሪያ የጠሩኝ መዝገብ ቤት የሚሠሩት፣ ጡረታቸው የተቃረበ ሴትዮ ናቸው። እትዬ ነው የምላቸው።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ የኔ ልጅ? ፕሪንተሩ እንዲነሳ ወረቀት ላይ የጻፍሽልኝን ትእዛዝ ኮምፒውተሩ ላይ ጻፍኩት። የይለፍ ቃል ጠየቀኝ፤ ስጽፍ ግን ምንም አይታይም።»

«ይጻፋል እትዬ፣ አይታይም እንጂ። ዝም ብለው ይጨርሱና ኤንተር ይጫኑ።»

ሠራላቸው። ቀጥለው የሲናና ወረዳ ገበሬዎች ዝርዝር ጠፋብኝ አሉ። አልጠፋም፤ ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል አንዴ በትልቁ፣ አንዴ በትንሹ «ኤስ» ጀምረው ሁለት ፎልደር ከፍተዋል። ሊኑክስ ሁለቱን ለየብቻ እንደሚቆጥራቸው እያስረዳሁ ሳለ ታላቅ ወንድሜ ደወለ። ድምፁ ውጭ ድረስ ይሰማል።

«የአባባን ፎቶ ላኪልኝ፤ ለሐውልቱ።»

ስልኩን ስዘጋ እትዬ አፍጥጠው ያዩኛል። «የምን ሐውልት?»

«አባቴ ሞቷል። ሰኞ ቀበርነው።» የትኛውን ቁልፍ እንደሚጫኑ በምነግርበት ድምፅ ነው ያልኩት።

«እና ለቅሶ እንዳንደርስሽ ነው? እኛ ምንሽ ነን?» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው አለቀሱ። እኔ ፋይሎቹን አንዱ ፎልደር ውስጥ ሰበሰብኩላቸው።

ቅዳሜ የመሥሪያ ቤቱ ሰው በሚኒባስ ጎባ መጣ። እትዬ ከበር ጀምረው እያለቀሱ ገቡ፤ ከዚያ በፊት አይታቸው የማታውቀው እናቴ አቅፋቸው አብራ አለቀሰች። እኔ ውሃ ሳዞር አንዲት ጎረቤት ጆጉን ከእጄ ወስዳ «አንቺ ሐዘንተኛ ነሽ፣ ተቀመጪ» አለችኝ።

እትዬ አጠገብ ተቀመጥኩ። እጄን ያዙኝ። ለቅሶው በረድ ሲል ጠጋ አሉ።

«ትናንት ፍላሹን ዝም ብዬ ነቅዬዋለሁ። ተበላሽቶ ይሆን?»

«ፋይል እየተገለበጠበት ካልነበረ ምንም አይሆንም። ወደፊት ግን መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ ያስወጡት።»

«እንዴት ነው የሚወጣው?»

ይህን ከዚህ በፊት ነግሬያቸዋለሁ። ቀስ ብዬ ከመጀመሪያው ጀመርኩላቸው፤ እጄን ሳይለቁ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።